ወንዙን በመሻገሪያው እንምረጥ፦ ለደብረ ብርሃን የጠረጴዛ ጦርነት ጨዋታ ወዳጆች የተደረገ ንግግር

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ መምህራን፣ ከእንጨት ሥራ ቤት የመጣችሁ ባለሙያዎች፣ እናንተም የወንዜ ልጆች፣ እንደምን አመሻችሁ።

ይህን ብርድ ችላችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። ሰብሳቢያችን የሰጡኝ ርዕስ አንድ ነው። በመዋጮ የተሰበሰበው ገንዘብ ለጨዋታ ጠረጴዛችን ተገጣጣሚ ወንዝ ይዋል ተብሏል፤ የትኛው ወንዝ የሚለው ግን አልተቆረጠም። ሦስት ሐሳብ ቀርቧል፤ ተሠርቶ ያለቀ የሬዚን (ፈሳሽ ሆኖ ፈስሶ እንደ ፕላስቲክ የሚጠነክር ነገር) ወንዝ ከውጭ ማስመጣት፣ ጠረጴዛውን በሙሉ ወንዙ በተቀረጸባቸው ካሬ ሰሌዳዎች መሸፈን፣ ወይም እዚሁ በአቡጀዲ መሥራት። እኔ ዛሬ የቆምኩት ለሦስተኛው ልሟገት ነው። አስቀድሜ መናገሬ፣ በመሐል ዳኛ መስዬ እንዳላታልላችሁ ብዬ ነው።

ጨዋታውን ለማታውቁት እንግዶቻችን በአጭሩ፦ ሁለት ሰዎች አንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ይቆማሉ። እያንዳንዳቸው በእጅ የተቀባ ትንሽ ሠራዊት አላቸው። እግረኛው በአንድ ተራ ስንት ሴንቲ ሜትር እንደሚሄድ፣ ጠመንጃው የት ድረስ እንደሚደርስ ሕግ አለ፤ መታ ወይስ ሳተ የሚለውን ዳይስ ይወስናል። የእኛ ወታደሮች ልካቸው አንድ ሰባ ሁለተኛ ነው፤ አንድ ሜትር ከሰባ የሆነ ሰው ሁለት ሴንቲ ሜትር ተኩል ሳይሞላ ይቀራል። ጠረጴዛችን 180 በ120 ሴንቲ ሜትር ነው።

ተገጣጣሚ መልክዓ ምድር የትናንት ፈጠራ የሚመስለው ሰው ካለ፣ እ.ኤ.አ. በ1812 ራይስቪትዝ የተባለ የፕሩሲያ ባሮን ለንጉሡ ለፍሪድሪሽ ቪልሄልም 3ኛ ያቀረበው የጦርነት ጨዋታ ጠረጴዛ ከጀሶ የተሠሩ ካሬዎች ነበሩት። ወንዙ፣ መንገዱ፣ ኮረብታው በየካሬው ላይ ተቀርጾና ተቀብቶ እንደተፈለገው ይደረደር ነበር። ለቤተ መንግሥት የሚመጥን ዕቃ ነው። ጨዋታው በጦር መኮንኖች ዘንድ የተስፋፋው ግን ልጁ እ.ኤ.አ. በ1824 ካሬዎቹን ትቶ በወረቀት ካርታ ካቀለለው በኋላ ነው። አባት ያሳመረውን ልጅ አቀለለው፤ ስለ ክብደት ስንነጋገር ይህችን አስታውሱልኝ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ሠዓሊ ወንዝን በውኃው ያየዋል፤ የጦር አዝማች በመልካው፣ ማለትም ውኃውን ረግጠው በሚሻገሩበት ቦታ፣ ያየዋል። ጠረጴዛ ላይ ውኃው ራሱ ብዙ ሥራ የለውም፤ «እዚህ አትለፍ» ይላል፣ በቃ። ጨዋታው የሚሞቀው «እዚህ ግን ይታለፋል» በሚባለው ቦታ ነው። ስለዚህ የማንኛውም ወንዝ ሻጭ ወይም ሠሪ ዕቃውን ሲያሳያችሁ መጀመሪያ የምትጠይቁት ስለ ውኃው ማብረቅረቅ መሆን የለበትም። ስንት መልካ አለው? ድልድዩስ ይነሣል ወይስ ተጣብቋል? መልካው ላይ የሚገባውና የሚወጣው መንገድ ይታያል? ብላችሁ ጠይቁ። ብዙዎቹ ተዘጋጅተው የሚሸጡ ወንዞች ቀጥ ያሉና የታጠፉ ቁራጮች ብቻ ናቸው፤ መልካውና ድልድዩ ለብቻ ይገዛል። ወንዙን ገዝቶ መሻገሪያ የሌለው ሰው የገዛው ግንብ ነው።

እግረኛችን በአንድ ተራ 15 ሴንቲ ሜትር ይሄዳል። ከአንዱ መሻገሪያ እስከ ሌላው ያለው ርቀት 60 ሴንቲ ሜትር ከሆነ፣ መሐል የቆመ ጭፍራ ወደ አንዱ ለመድረስ ብቻ ሁለት ተራ ይፈጅበታል፤ ከዚያ በላይ ሲሆን ሰዉ ዳይሱን ትቶ ሻይ ያዛል። ስለዚህ ሁለት ሜትር ለሚሆን ወንዝ ሦስት መሻገሪያ እላለሁ። ሦስቱም እኩል መሆን የለባቸውም፤ አንዱ ፈረሰኛ ብቻ የሚያሳልፍ፣ አንዱ መድፍ የሚያስጎትት ድልድይ ቢሆን፣ ተጫዋቹ ገና ጦሩን ሳያሰልፍ ማሰብ ይጀምራል።

የወንዙ አቅጣጫም አለ። አዲስ ተጫዋች ወንዙን በሁለቱ ሠራዊቶች መሐል እንደ ድንበር ይዘረጋዋል። ያን ጊዜ ሁለቱም ማዶ ለማዶ ተፋጠው ይቀራሉ፤ ቀድሞ የተሻገረ ይሸነፋልና ማንም አይሻገርም። ወንዙን ከአንደኛው ተጫዋች ወደ ሌላኛው አቅጣጫ ብታወርዱት ግን የእያንዳንዱ ሠራዊት ቀኝ ከግራው ይለያል። የማዶ ክንፌ ሲጨነቅ በየትኛው መልካ እደርስለታለሁ የሚለው ጥያቄ ለሁለቱም እኩል ይመጣል። እኔ እንዲህ ያለውን አብልጬ እወዳለሁ። ለዚህም ተጣጣፊ ቁራጭ ያስፈልጋል፤ ወንዙ በሠያፍ መሄድ፣ መጠምዘዝ መቻል አለበት።

ሰገሌን ለመጫወት ያሰባችሁ እንዳላችሁ አውቃለሁ። የሚገባም ነው፤ በገዛ ምድራችን የተደረገ ጦርነት ነው። ከሸዋ ወገን የነበሩት ራስ ሉልሰገድ ቶራ መስክ ላይ ከወደቁ በኋላ የንጉሥ ሚካኤል ጦርና በፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ የሚመራው የሸዋ ጦር ጥቅምት 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ሰገሌ ሜዳ ላይ ተጋጥመው፣ ንጉሥ ሚካኤል ተማረኩ። የሁለቱም ወገን የልጅ ልጆች ዛሬ እዚህ አዳራሽ ውስጥ ሊኖሩ ይችላሉ። ስለዚህ በቅንፍ አንድ ልለምን፤ ወታደሮቹን ስትቀቡ «ጠላት» የሚባል ቀለም አይኑር።

ወደ ወንዙ ስመለስ፣ ጥቅምት ማለት ዝናቡ ያበቃበት፣ ጅረቱ እየጎደለ የሚሄድበት ወር ነው። በነሐሴ ሰውም ከብትም የሚወስደው ውኃ በጥቅምት ፈረሰኛ በብዙ ቦታ ይሻገረዋል። እንግዲህ አንዱ ወንዛችን ለክረምትም ለበጋም ማገልገል አለበት፤ ሁለት ወንዝ መሥሪያ ገንዘብ የለንም። ወሩን ሕጉ ይናገር እላለሁ። ከጨዋታው በፊት ተጫዋቾቹ ወሩን ይወስኑ፤ ክረምት ከሆነ በድልድይ ብቻ፣ የክረምት ማብቂያ ከሆነ በመልካና በድልድይ፣ በጋ ከሆነ የትም ይታለፋል፣ ነገር ግን የሚሻገር ጭፍራ በግማሽ ፍጥነት ይሂድ። ቀለሙ ደግሞ መካከለኛ ይሁን፤ መሐሉ ጠቆር ያለ ቡናማ አረንጓዴ፣ ዳር ዳሩ አሸዋማ። ሰማያዊ ቀለም ይዞ የሚመጣ ሰው ግን መጀመሪያ በሬሳ ወንዝ ድረስ ወርዶ ይመልከት።

«ጀማንስ?» ያለኝ ወጣት ነበር። እውነቱን ነው፣ ከዚህ ከበሬሳና ከጫጫ የሚወርደው ውኃ ሁሉ መድረሻው ጀማ ነው፣ ከዚያም ዓባይ። ግን ሒሳቡን እንሥራው። ሸለቆው አንድ ሺሕ ሜትር ይወርዳል ብንል፣ በእኛ ወታደሮች ልክ 14 ሜትር ገደማ ጉድጓድ ያስፈልገናል። ለኪራይ ቤት አይሆንም። በሰሜን ሸዋ ብዙ ጊዜ ሠራዊትን የሚያቆመው ውኃው ሳይሆን ገደሉ ነው፤ ስለዚህ ጀማን የጠረጴዛው ጠርዝ እናድርገው። ጠርዙ ላይ አራትና አምስት ሴንቲ ሜትር የሚሆን የገደል አፋፍ ከተደረገ፣ ከዚያ ወዲያ የሄደ ጭፍራ ከጨዋታው ወጣ። አምባው ላይ የሚፈሱት ትንንሾቹ ጅረቶች ናቸው ጠረጴዛው ላይ የሚገቡት።

ስፋቱን በተመለከተ አንድ ስምምነት እንፈልጋለን። አሥር ሜትር የሆነ ወንዝ በወታደሮቹ ልክ 14 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ግን በእኛ ሕግ መሬቱ ሌላ ልክ አለው፤ አንድ ሴንቲ ሜትር አምስት ሜትር ነው። በዚያ ልክ ያው ወንዝ ሁለት ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው፣ ወታደር ከነመቆሚያው (ከተጣበቀበት ትንሽ ሰሌዳ ጋር) ይረግጠዋል። ሁለቱም ትክክል ነው፣ ሁለቱም አይጠቅምም። እኔ የምይዘው መለኪያ የጭፍራው መቆሚያ ነው። መቆሚያችን ፊቱ 6፣ ጥልቀቱ 4 ሴንቲ ሜትር ነው። ወንዙ 7 ሴንቲ ሜትር ቢሆን ጭፍራው ሙሉ በሙሉ ውኃ ውስጥ ይቆማል፤ ገባ አልገባም የሚለው ክርክር ይቀራል። ከ10 ካለፈ ደግሞ ጠረጴዛችን በውኃ ይበላል።

አሁን ዕቃው። ሬዚን ሲታይ ያምራል፣ አልክድም። ግን ግትር ነው፤ ጠረጴዛው ትንሽ ከተጣመመ በመገጣጠሚያው ላይ ይነሣል፣ ከወደቀም ይሰነጠቃል። እዚሁ እናፍስሰው የምትሉም አላችሁ። ባለ ሁለት ፈሳሹ ኢፖክሲ የሚወደው 20 እና 25 ዲግሪ አካባቢ ያለ ሙቀት ነው፤ የእኛን የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ታውቁታላችሁ። በብርድ ቀስ ብሎ ይደርቃል፣ ሲያስቸግርም ፊቱ እንደተጣበቀ ይቀራል። በዚያ ላይ ጓንትና አየር የሚገባበት ክፍል ይፈልጋል።

ካሬ ሰሌዳው ትልቅ ጥቅም አለው፤ ወንዙ ከመሬቱ ዝቅ ብሎ ይቀመጣል፣ ልክ እንደ እውነተኛው። ተነጣፊው ወንዝ ግን ምንጊዜም ከሜዳው ከፍ ይላል፤ ይህ የማይካድ ጉድለቱ ነው። ነገር ግን ጠረጴዛችንን ለመሸፈን 60 በ60 የሆኑ ስድስት ሰሌዳዎች ያስፈልጋሉ። በጀሶ ሁለት ሴንቲ ሜትር ውፍረት ቢሠሩ እያንዳንዱ ከሰባት ኪሎ ይበልጣል፤ ስድስቱን በባጃጅ የሚጭን ይምጣ። በፎም ይቀላል። ግን ቴሌቪዥን ካርቶን ውስጥ የሚመጣውን ነጭ ፎም ማስቲሽም የሚረጭ ቀለምም ይበላዋል፤ ኮላና ውኃ ቀመስ ቀለም ብቻ ነው የሚስማማው። ማስቀመጫውስ? ይህ አዳራሽ ቅዳሜ ሠርግ፣ ማክሰኞ ስብሰባ ያስተናግዳል። የእኛ ዕቃ በአንድ ከረጢት ገብቶ ከቁም ሣጥኑ ላይ መቀመጥ አለበት።

አቡጀዲው እንደ ምንጣፍ ይጠቀለላል፤ ጠረጴዛውም ቢጣመም አብሮት ይተኛል። አሠራሩ ይህ ነው። ሰሌዳ ላይ ፕላስቲክ አንጥፎ፣ አቡጀዲውን በላዩ ወጥሮ ዙሪያውን በምስማር መያዝ። በላዩ ላይ በቱቦ የሚሸጠውን፣ በሽጉጥ የሚገፋውን የመስኮት ማሸጊያ ሁለት ሚሊ ሜትር ያህል መለቅለቅ። እዚህ ላይ ተጠንቀቁ፤ ሲሊኮኑ ቀለም አይቀበልም፣ ከደረቀ በኋላ የቀባችሁት እንደ ቅርፊት ይላጣል። የምንፈልገው አክሪሊኩን ነው፤ በውኃ ይታጠባል፣ ሲደርቅ ቀለም ይይዛል። ከቡናማ ቀለም ጋር አስቀድሞ ከተደባለቀ ጫፉ ቢቦጨቅ እንኳ ነጭ አይወጣም። ለዳሩ ከጥሩ አሸዋና ከሰጋቱራ ጋር ማቡካት፣ ለመሐሉ በሹካ ጀርባ ሞገድ መሳብ። ሲደርቅ ይኮማተራል፤ ስለዚህ እስኪደርቅ ድረስ ከምስማሩ አይፈታ። ውኃ ያለበት ነገር ስለሆነም በውርጭ ሌሊት ውጭ አይደር። መጨረሻ ላይ የሚያብረቀርቅ ቫርኒሽ፤ በደንብ ደርቆም ቢሆን ስትጠቀልሉት መሐሉ ወረቀት ይግባበት፣ ቫርኒሽ ከቫርኒሽ ጋር ይጣበቃልና።

የእንጨት ባለሙያዎቻችን እዚህ ላይ ነው የምንለምናችሁ። ወንዝ ተገጣጣሚ የሚሆነው በጫፉ ነው። የሁሉም ቁራጭ ጫፍ አንድ ዓይነት ስፋት ኖሮት ውኃው በትክክል መሐል ላይ ካልሆነ፣ ቁራጩን ስናዞረው ከጎረቤቱ ጋር አይገናኝም። ሁለት ሚሊ ሜትር ስሕተት ከሩቅ ትታያለች። ከኮምፔንሳቶ አንድ ልክ ቁረጡልን፤ ማንም ቤቱ ወስዶ ቢሠራ በዚያ ልክ ይቁረጥ። ቀለሙንም በአንድ ባልዲ እንቀላቅለው፤ ሁለት ጊዜ የተቀላቀለ ቡናማ መንታ አይሆንም።

ቁጥሩን ልንገራችሁና ላብቃ። ጠረጴዛችን ከጥግ ጥግ 216 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ወንዝ ደግሞ ስለሚጠማዘዝ ሦስት ሜትር ያህል ይበቃናል። ሃያ ሃያ ሴንቲ ሜትር የሆኑ አሥራ አምስት ቁራጮች ማለት ነው። ከእነሱ ስምንቱ የታጠፉ ይሁኑ፣ ግን መታጠፊያቸው 45 ዲግሪ፤ 90 ዲግሪ የሚታጠፍ ወንዝ የመስኖ ቦይ ይመስላል። ሦስቱ ቀጥ ያሉ፣ ሦስቱ መልካ፣ አንዱ ሁለት ጅረቶች የሚገናኙበት። ድልድዩ ከቁራጩ ጋር አይጣበቅ፤ በየትኛውም ቀጥ ያለ ቁራጭ ላይ የሚቀመጥ፣ ሲፈርስም የሚነሣ ይሁን፣ ስድስት ሴንቲ ሜትሯን መቆሚያ የሚያሳልፍ። ንድፍ ለቸገረው፣ ደብረ ሊባኖስ አጠገብ ያለው፣ በልማድ የፖርቱጋል የሚባለው የራስ ዳርጌ የድንጋይ ድልድይ ለሞዴል የተመቸ ነው፤ ቅስቱ በካርቶን ይወጣል።

አሠራራችንን በቅደም ተከተል ካላችሁኝ፣ መልካዎቹ ይቅደሙ። ገንዘቡ ወይም ትዕግሥቱ መሐል ላይ ቢያልቅብን፣ በእጃችን ያለው መሻገሪያ ይሁን፤ በመልካዎቹ መሐል ያለውን በቡናማ ጨርቅ ሞልተንም መጫወት እንችላለን።

ሰብሳቢያችን፣ ሁለት ነገር ለድምፅ ይቅረብልኝ፦ ዕቃው አቡጀዲ ይሁን አይሁን፣ መልካውስ ሦስት ይሁን ወይስ ሁለት። ሁለት የምትሉ ምክንያታችሁን አስቀድማችሁ ተናገሩ፣ እሰማለሁ። አመሰግናለሁ።