ጥያቄያችሁን ደጅ አትተዉት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፣ አሜን።

የተከበራችሁ አባቶች፣ መምህራን፣ ውድ እህቶቼና ወንድሞቼ፣ እንደምን አመሻችሁ?

ልጅ ሳለሁ ጥያቄ አበዛ ነበር። ሥላሴ አንድም ሦስትም ናቸው ሲባል «እንዴት?» አልኩ። መልሱ ቁጣ ሆነ። «የእግዚአብሔር ምሥጢር ነው፣ አትመራመር!» ተባልኩ። ከዚያ በኋላ ለዓመታት ቤተ ክርስቲያን የምገባው ጥያቄዬን ከጫማዬ ጋር ደጅ ትቼ ነበር። ከመካከላችሁም ይህ የደረሰበት አይጠፋም። ስለዚህ ከልቤ ልንገራችሁ፤ ያ ቁጣ ከአባቶቻችን የወረስነው አይደለም።

መጻሕፍት የሚፈቱበት የትርጓሜ ጉባኤ ዳር ትንሽ ቁጭ ብላችሁ ስሙ። መምህሩ አንዲት ቃል ያነባሉ፤ ይፈቷታል። ጨረሱ ስትሉ «አንድም» ይላሉ። ሌላ ፍቺ ይመጣል። ደግሞ «አንድም»። አንዳንዴ ፍቺዎቹ በአንድ መንገድ አይሄዱም። ቢሆንም አንዱ ለሌላው ሲባል አይጣልም። ልብ በሉ፣ ይሄ ሁሉ የሚደረገው በቅዱስ መጽሐፍ ላይ ነው። ምሥጢርን የሚሸሽ ሰው «አንድም» አይልም። ምሥጢሩን ጨርሼዋለሁ የሚልም አይልም።

የአጽዋማትና የበዓላት ቀን የሚወጣበትን ስሌት፣ ባሕረ ሐሳብንም እንየው። 2012 ዓ.ም.ን ልውሰድ። ከክርስቶስ ልደት በፊት የሚቆጠረው 5500 ዓመት እና 2012 ሲደመር 7512 ነው። ለ19 ስናካፍለው 7 ይተርፋል። አንድ ቀንሱ፤ ወንበር የሚባለው ቁጥር 6 ሆነ። ወንበሩን በ11 ስናባዛ 66፤ ሠላሳ ሠላሳውን ስንገድፍ አበቅቴ የሚባለው ቁጥር 6። ወንበሩን በ19 ስናባዛ 114፤ እንደዚያው ሠላሳውን ስንገድፍ መጥቅዕ የሚባለው 24። አበቅቴና መጥቅዕ ተደምረው ምንጊዜም 30 ናቸው፤ ስሌቱን የምታረጋግጡት በዚህ ነው። ከዚህ ተነስታችሁ ጾመ ነነዌ የካቲት 2፣ ፋሲካ ሚያዝያ 11 ላይ ትደርሳላችሁ። ሊቃውንቱ ይህን በጣታቸው ያወጡታል።

ያን ፋሲካ ታስታውሱታላችሁ። ኮሮና ነበር። ቀኑን አስቀድመን እናውቀው ነበር። ምን ይዞ እንደሚመጣ ግን ማናችንም አላወቅንም። እናቴ ነጠላዋን አጣፍታ ሳሎን ቆመች። ጧፏን ቴሌቪዥኑ ፊት አበራች። ቅዳሴው እስኪያልቅ አልተቀመጠችም። እኔ ከኋላዋ ቆሜ አለቀስኩ። የቀኑን ስሌት አውቀዋለሁ። እሷ በፊቱ የቆመችለትን ግን በየትኛው ቁጥር ላካፍለው?

በዚያው ዓመት ሰኔ 14 ፀሐይ ተጋረደች። ሰዓቱ ቀድሞ ተነግሮናል። ላሊበላ ላይ እንደ ቀለበት ሆና ታየች፤ እኛ አዲስ አበባ ከፊሏን አየን። ግርዶሽ እንዴት እንደሚሆን ከትምህርት ቤት ጀምሮ አውቃለሁ። ብርሃኑ ሲደበዝዝ ግን ቃል አጣሁ። ማወቄ መገረሜን አልቀነሰብኝም፤ እንዲያውም ጨመረልኝ።

«ሳይንስ ሁሉን ገልጦታል፣ ምሥጢር የሚባል ነገር የለም» የሚሉ ጓደኞች ይኖሯችኋል። አትጣሏቸው። ላብራቶሪ ውስጥ ብዙ የቆየ ሰው እንዲህ ሲል እኔ እምብዛም አልሰማሁም።

እኔን ከልጅነቴ ቁጣ ያዳነኝ ኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 3 ነው። ሙሴ በጎች እየጠበቀ ነው። ቁጥቋጦ ይነዳል፣ አይቃጠልም። ሙሴ ምን አለ? ልሂድና ለምን እንደማይቃጠል ልይ አለ። «ለምን» አለ! እግዚአብሔርም ሊያይ መምጣቱን ባየ ጊዜ በስሙ ጠራው። የተጠራው ሊመረምር ጠጋ ሲል ነው። ጫማህን አውልቅ የተባለው ከዚያ በኋላ ነው። ጫማህን አለው እንጂ ጥያቄህን አላለውም። ሙሴም ጫማውን አውልቆ እዚያው «ስሙ ማን ነው ቢሉኝ ምን ልበላቸው?» ብሎ ጠየቀ።

ሰሌዳው እዚህ አለ፣ ጠመኔም አለ። ከጸሎት በኋላ የቸኮለ ይሂድ። የምትቆዩ የመጪውን ዓመት አበቅቴና መጥቅዕ አብረን እናወጣለን። «ለምን በ19?» የሚል ካለ ከፊት ይቀመጥልኝ።