ዶሮ ቤቱን አትድፈኑት፦ ዶሮ እርባታ በአዲስ አበባ ብርድ

[ምስል፦ ማለዳ። ስድስት ኪሎ አካባቢ ያለ ጊቢ። ጥግ ላይ የቆርቆሮ ዶሮ ቤት፣ ዙሪያው በላስቲክና በማዳበሪያ ተሸፍኗል።]

ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ የአዲስ አበባ ሌሊት ከ10 ዲግሪ በታች መውረዱ የተለመደ ነው። ከተማዋ ያለችው ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ክረምቱ ወጥቶ ሰማዩ ሲጠራ፣ መሬቱ ቀን የያዘው ሙቀት ሌሊት ወደ ላይ ይበተናል። ይህን ጊዜ ዶሮ ያለው ሰው ሁሉ አንድ ዓይነት ሥራ ይጀምራል። አሮጌ ጨርቅ ይሰበስባል፣ ማዳበሪያ ይወጥራል፣ በየቀዳዳው ላስቲክ ይወትፋል።

ሐሳቡ ደግ ነው። ውጤቱ ግን ደግ አይደለም።

የጤነኛ ዶሮ የሰውነት ሙቀት 41 ዲግሪ ገደማ ነው። ሲበርዳት ላባዋን ነፋ ታደርጋለች፤ በላባው መሃል አየር ይያዛል። ያ አየር ጋቢዋ ነው። ላባዋ የሞላ፣ በደንብ የበላች ዶሮ የፒያሳን ወይም የአራት ኪሎን ሌሊት ያለ ማሞቂያ ታድራለች። በረዶ በሚጥልባቸው አገሮች እንኳ ብዙ ሰው ለትልልቅ ዶሮዎች ማሞቂያ አያስገባም። ችግር የሚመጣው ጋቢው ሲረጥብ ነው። የረጠበ ላባ አየር አይዝም።

ታዲያ በጥቅምትና በኅዳር፣ ዝናብ በሌለበት፣ እርጥበቱ ከየት ይመጣል? ከራሷ ከዶሮዋ። ሌሊቱን ሙሉ ትተነፍሳለች። ኩሷም አብዛኛው ውሃ ነው። ቤቱ ከተደፈነ ያ ሁሉ እንፋሎት መውጫ የለውም። ወደ ላይ ይወጣና ቀዝቃዛ ቆርቆሮ ያገኛል፤ እዚያ ውሃ ይሆንና ተመልሶ ይንጠባጠባል።

[ምስል፦ የቆርቆሮ ጣሪያ ከውስጥ በኩል። ጠብታዎች። አንዱ ዶሮዋ ጀርባ ላይ ሲወድቅ።]

ማረጋገጥ ቀላል ነው። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ ተነሱና ጣሪያውን ከውስጥ በእጃችሁ ዳስሱት። እጃችሁ ከረጠበ ዶሮዎቻችሁም ረጥበዋል። ሌላም ምርመራ አለ፤ ትንሽ ያሳፍራል፣ ግን አድርጉት። ዶሮዋ በምትተኛበት ከፍታ ላይ ጎንበስ ብላችሁ ተንፍሱ። ዓይናችሁን ከቆጠቆጠው፣ ከእርጥብ ኩስ የሚወጣው አሞኒያ ነው። አሞኒያ የመተንፈሻ አካሏን ውስጠኛ ሽፋን ይጎዳል፤ በተጎዳው በኩል በሽታ ይገባል። ከዚያ ማስነጠስ፣ ማንኮራፋት፣ ዓይን ማበጥ ይመጣል። እኛም «ብርድ መታት» እንልና የቀረውን አንዲት ቀዳዳ እንደፍናለን።

አሁን ወደ ቤቱ አሠራር እንሂድ። ከታች እስከ ዶሮዋ ራስ ድረስ ግድግዳው ድፍን ይሁን። ንፋስ በቀጥታ እንዲመታት አንፈልግም። ከራሷ በላይ፣ ከጣሪያው ሥር፣ በሁለት ተቃራኒ ጎኖች ክፍት ቦታ ተዉ። የዶሮ ሽቦ ግጠሙበት፤ ቀዳዳው ደቃቅ ይሁን። መሃል ከተማ ስለሆንን ሸለምጥማጥ የለም ብላችሁ እንዳትዘናጉ፤ አለ። አይጥማ አይጠየቅም። ጣሪያውን ወጣ አድርጉት፤ የሐምሌ ዝናብ ገፍቶ እንዳይገባ። ከቻላችሁ ከቆርቆሮው ሥር ቺፑድ ምቱበት። ጠብታው በብዙ ይቀንሳል።

ቆጡ ከክፍት ቦታው ዝቅ ይበል። እንጨቱ ሰፋ ያለ ይሁን፤ ዶሮዋ ቁጭ ስትል የሆዷ ላባ ጣቶቿን እንዲሸፍን። ለአንዷ 20 ሳንቲም ያህል የቆጥ ርዝመት ብታስቡ ይበቃል። መሬቱ ላይ ደግሞ አንድ ካሬ ሜትር ለ5 ወይም ለ6 ዶሮ ነው። 20 ዶሮ በሁለት ካሬ ሜትር እያሳደሩ ስለ ብርድ ማውራት ዋጋ የለውም።

ወለሉ ላይ ሰጋቱራ ወይም የጤፍ ጭድ 10 ሳንቲም ያህል አልብሱ። ሰጋቱራ ከእንጨት ቤት ስታመጡ ግን አደራ፦ ዛሬ ብዙ ቤት የሚቆርጠው ኤምዲኤፍ ነው። ብናኙ ደቃቅ ነው፣ ሙጫም አለበት። የጣውላ ፍቅፋቂ ለይተው እንዲሰጧችሁ ጠይቁ። በየጥቂት ቀኑ ገልበጥ ገልበጥ አድርጉት። የረጠበውን፣ በተለይ መጠጫው ሥር ያለውን፣ አውጡና በደረቅ ተኩት።

[ምስል፦ ጫጩቶች በካርቶን ውስጥ። ከላይ አምፖል።]

እስካሁን ያልኩት ለትልልቆቹ ነው። ጫጩት ሌላ ታሪክ ነው። ላባ የላትማ! በመጀመሪያው ሳምንት ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ትፈልጋለች፤ ከዚያ በየሳምንቱ 3 ዲግሪ ያህል እየቀነሳችሁ ትሄዳላችሁ። ቴርሞሜትር ከሌላችሁ ጫጩቶቹን እዩ። አምፖሉ ሥር ከተደራረቡ በርዷቸዋል። አፋቸውን ከፍተው ወደ ዳር ከሸሹ ሞቋቸዋል። ሁሉም በአንድ ጎን ከተከማቹ ከሌላው በኩል ንፋስ ይገባል። ተበታትነው እየለቀሙ ከሆነ ተዋቸው።

መብራት ሲጠፋስ? ሙቅ ውሃ በጀሪካን ሞልታችሁ፣ በጨርቅ ጠቅልላችሁ መሃላቸው አስቀምጡ። ዙሪያውንና ላዩን በጭድ የታጨቀ ሳጥንም ይሠራል፤ ጫጩቶቹ በራሳቸው ሙቀት ያድራሉ፣ አየር ማስገቢያ እስካልነፈጋችኋቸው ድረስ። የከሰል ምድጃ ግን በተዘጋ ክፍል ውስጥ በፍጹም። ከከሰሉ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፤ ጫጩቶቹን ይጨርሳል፣ አጠገባቸው የተኛውን ሰውም አይምርም።

ለጀማሪ የምመክረው የ45 ቀን ጫጩት መግዛት ነው። ዋጋው ከአንድ ቀኗ ይበልጣል፤ ነገር ግን ከባዱን ጊዜ ሌላ ሰው ተወጥቶላችኋል። ላባዋም ወጥቷል። መስከረም ላይ ዝናቡ ሲያበቃ ብትገዙ፣ እንቁላል ጣይ ዝርያ በ5 ወር ዕድሜዋ ገደማ መጣል ስለምትጀምር፣ ለገና ባትደርስ ለጥምቀት ትደርሳለች። አውራ ዶሮ አትግዙ። ለእንቁላል አያስፈልግም፤ ጎረቤት ግን ከንጋት በፊት ይቀሰቅስላችኋል።

ስለ መኖ ብዙ አልልም። «በጥቅምት አንድ አጥንት» ያለው ሰው ነገሩ ገብቶታል፦ ብርድ ሲመጣ ሰውነት ብዙ ይጠይቃል። አንዲት እንቁላል ጣይ በቀን 120 ግራም ያህል መኖ ትበላለች፤ በብርዱ ወራት ጨመር አድርጉላት። ማታ ከመተኛቷ በፊት እፍኝ የተፈጨ በቆሎ መልካም ነው፤ ሌሊቱን እየፈጨች ትሞቃለች። ፉርሽካ ብቻውን አይበቃም። የሻገተ እንጀራ ደግሞ መርዝ ነው፤ «ለዶሮ ይሁን» ብላችሁ አታስቀምጡት።

የውጭ አገር ቪዲዮ የሚያይ ሰው «በብርድ ወራት ቀኑ ስለሚያጥር እንቁላል ይቀንሳል» የሚለውን ሰምቶ ይሆናል። እዚያ እውነት ነው። እኛ ግን ለምድር ወገብ ቅርብ ነን፤ የአዲስ አበባ ረጅሙ ቀንና አጭሩ ቀን ልዩነታቸው ሁለት ሰዓት እንኳ አይሞላም። ስለዚህ ታኅሣሥ ላይ እንቁላል ድንገት ቢቀንስ መጀመሪያ መኖውን፣ ውሃውን፣ ጤናዋን እዩ። ላባዋን እየጣለች ከሆነም ለጊዜው መጣል ታቆማለች፤ አዲሱ ላባ እስኪወጣ ጠብቁ።

[ምስል፦ ትንሽ የክትባት ብልቃጥ፣ በበረዶ በተሞላ ፔርሙዝ ውስጥ።]

የመጨረሻው ነገር ፈንግል የሚባለው የዶሮ በሽታ ነው። ብርድ አያመጣውም፤ ቫይረስ ነው። አንድ ሰፈር ከገባ ጊቢ ለጊቢ ይዞራል፤ መድኃኒት የለውም፣ ክትባት ግን አለው። ክትባቱ ቢሾፍቱ ውስጥ፣ በአገራችን ይመረታል። አንዱ ብልቃጥ ለብዙ ዶሮ የሚበቃ ነው፤ አንዴ ከተበጠበጠ ደግሞ ለነገ አይቀመጥም። አምስት ዶሮ ያለው ሰው ብቻውን ገዝቶ የቀረውን ይደፋል። ስለዚህ ከመግዛታችሁ በፊት ዶሮ ያላቸውን ጎረቤቶች አነጋግሩ፣ ቀን ቁረጡ፣ ወጪውን ተካፈሉ። የወረዳችሁን የከተማ ግብርና ባለሙያ ወይም የእንስሳት ሐኪም በዚያው ቀን ጥሩ። እስከዚያው አዲስ የገዛችሁትን ዶሮ ከነባሮቹ ጋር አትቀላቅሉ፤ ሁለት ሳምንት ለብቻዋ ትቆይ።