ወጪውን ማን ይሸፍነው?

የተከበራችሁ የጅማ አንባቢዎች፣ የጋዜጠኝነት መምህራንና ተማሪዎች፣ ጋዜጣ ስታዞሩ የሸበታችሁ ወንድሞቼ፤ አካም ጅርቱ! እንዴት ዋላችሁ!

ጋዜጣ በዚህ በስልክ ዘመን በምን ገቢ ይኖራል በሚለው ላይ እንድናገር ጋብዛችሁኛል። መልሴን አላዘገይም፤ አንባቢው ካልከፈለ አይኖርም።

የአዲስ አበባው ጋዜጣ በአውቶቡስ ተጭኖ መናኸሪያ ሲደርስ አዟሪው ይቀበለውና አንዱ ቅጂ ቡና ቤት ውስጥ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ያመሽ እንደነበር ታስታውሳላችሁ። አራት ኪሎ ደግሞ ጋዜጣ ይከራይ ነበር። መግዣ ያጣ ሰው ሳንቲሙን ከፍሎ እዚያው ቁጭ ብሎ ያነባል፣ ይመልሳል። ድሃ ነው፤ ግን ከፍሎ ነው ያነበበው!

በአንድ የቡና ለቀማ ወቅት ወጣት ባልደረባችን ገበሬው በሚያገኘው ዋጋ ላይ የሚነሳውን አቤቱታ ሊያጣራ ወደ ጎማ ወረዳ ሄደ። ከአጋሮ በሞተር፣ ሞተር በማይገባበት በእግሩ። ገበሬውን አናገረ፤ ነጋዴውን አናገረ፤ የኅብረት ሥራ ማኅበሩን ሒሳብ ያዥ ለምኖ ደብተር አስገለጠ። የተጠራጠረውን ቁጥር ይዞ ዳግመኛ ተመለሰ። አበሉን፣ መኝታውን፣ ትራንስፖርቱን የቻለው ጋዜጣው ነው። ጽሑፉ በወጣበት ጠዋት አንድ የቴሌግራም ቻናል ገጹን ፎቶ አንስቶ፣ የጋዜጣውን ስም ቆርጦ፣ የራሱን አርማ ለጥፎ ለቀቀው። ምስጋናው ለቻናሉ ጎረፈ። አዟሪያችን ግን ጥቅሉን እንደታሰረ መለሰልን። መንገድ ላይ የሚያገኙኝ ሰዎች «ግሩም ነው፣ ቴሌግራም ላይ አነበብነው» ይሉኛል። በፍቅር እንደሚሉኝ አውቃለሁ። ግን ያንን ልጅ መልሼ የምልክበት ገንዘብ ከየት ይምጣ? ነገ ገበሬው ሲበደል ማን ይሂድለት? ፎቶ አንሺው ነው የሚሄደው? ገጽ ሰርቆ መልቀቅ ዜና ማሰራጨት አይደለም፤ የሰው ድካም መብላት ነው!

«ማስታወቂያ አለላችሁ» ይሉናል። የትኛው ማስታወቂያ? ክፍት የሥራ ቦታው ወደ ስልክ ገብቷል። ጨረታው ራሱ ወደ ኤሌክትሮኒክ ግዥ እየሄደ ነው። የነጋዴው ብር ፌስቡክና ጉግል ዘንድ ነው። የቀረውም ቢሆን ዋስትና የለውም። አንድ መሥሪያ ቤት የተገልጋዮችን ቅሬታ ስላተምን ብቻ ማስታወቂያውን አቋርጦብናል፤ የታተመውንም ሒሳብ እስካሁን አልከፈለም። ማተሚያ ቤቱ ግን ቅድሚያ ክፈሉ ይላል፣ ወረቀቱም በየጊዜው ይወደዳል። እንጀራው በማስታወቂያ ሰጪ እጅ ያለ ጋዜጣ ስለ እናንተ ደፍሮ አይጽፍም። ይህንን ለተማሪዎቹ አስረግጬ እናገራለሁ።

ኒውዮርክ ታይምስ በፈረንጆቹ 2011 ድረ ገጹን በክፍያ ሲያደርግ ማንም አይከፍልም ያሉ ብዙ ነበሩ። ዛሬ ደንበኞቹ ከ10 ሚሊዮን በላይ ናቸው። የእንግሊዙ ጋርዲያን ደግሞ በሩን ለሁሉም ክፍት አድርጎ አንባቢውን በግልጽ «አግዙኝ» ይላል፤ ያግዙታልም። ጅማ ኒውዮርክ አይደለችም፤ አውቃለሁ። ግን ቴሌብር ከግንቦት 2013 ጀምሮ ኪሳችን ውስጥ ነው። የአንድ ስኒ ቡና ዋጋ በየሳምንቱ መላክ የሚያቅተው ሰው እዚህ አዳራሽ ውስጥ ብዙ አይመስለኝም።

ካፌ ያላችሁ፣ ለደንበኞቻችሁ አንድ ቅጂ ግዙ። ትምህርት ቤቶችም እንዲሁ። ቻናል ያላችሁ ወጣቶች፣ ርዕሱንና አንድ አንቀጽ ውሰዱ፣ የጋዜጣውን ስም ጻፉ፣ ሊንኩን አስቀምጡ፤ ሙሉ ገጹን ግን ተዉልን።

የደንበኝነት መመዝገቢያው በሩ አጠገብ ተቀምጧል። ከዚህ ስትወጡ የማገኘው ስም ከጭብጨባችሁ ይበልጥብኛል። አመሰግናለሁ።