ከሯጭ እግር እስከ ሥራ አስኪያጅ ወንበር

ክቡራትና ክቡራን፣ ውድ የቋንቋ መምህራንና ተርጓሚዎች፣

ዛሬ የማነሳላችሁ አንድ አጭር የእንግሊዝኛ ግሥ ነው፤ «ረን»። ጀማሪ ተማሪ «ሮጠ» ማለት ነው ብሎ ይመልስላችኋል። የኦክስፎርድ እንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት አዘጋጆች ግን ግሡን ለአዲሱ እትም ሲከልሱት 645 ፍቺ አግኝተውለታል። እ.ኤ.አ. በ1989 በወጣው ሁለተኛው እትም ቀዳሚ የነበረው፣ «አስቀመጠ» የምንለው «ሰት»፣ 430 ያህል ነበረው።

ይህን የሰማ ተማሪ ቢደነግጥ አልፈርድበትም። እኔም ፍቺዎቹን በቃሌ ልይዝ ስታገል አንዱን ስጨብጥ ሌላው ያመልጠኝ ነበር። ነገሩ የቀለለኝ ፍቺዎቹ የዘር ሐረግ እንዳላቸው ሲገባኝ ነው።

በጥንታዊው እንግሊዝኛ ሁለት ተዛማጅ ግሦች ነበሩ። አንዱ መሮጥን፣ ሌላው ማስሮጥን፣ በተለይም ፈረስ መጋለብን ይገልጽ ነበር። እኛ «ሮጠ» እና «አስሮጠ» ብለን እንደምንለየው መሆኑ ነው። በመካከለኛው ዘመን ሁለቱ ተቀላቅለው አንድ ቃል ሆኑ። ስለዚህ የዛሬው «ረን» የሁለቱንም ሸክም ተሸክሟል፤ ውሻውም በእሱ ይሮጣል፣ ድርጅቱም በእሱ ይመራል።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ለእኔ ከሁሉ የሚደንቀኝ ይህ ነውና። ድርጅት የሚመራውን ሰው እኛ ምን እንለዋለን? ሥራ አስኪያጅ። ሥራውን የሚያስኬድ ማለት ነው። ስብሰባም እናካሂዳለን። እንግሊዝኛ በመሮጥ የሄደበትን መንገድ አማርኛ በመሄድ ተጉዞበታል። ለምን በ«ሮጠ» አልሆነም? የእኛ ሩጫ ወደ ጥድፊያና ወደ ድካም ስላዘነበለ ይመስለኛል። «ለልጆቹ ሲሮጥ ይኖራል» ስንል ስለ ልፋቱ እንጂ ስለ እግሩ አናወራም። የእንግሊዝኛው ግን ሳይቋረጥ መቀጠልን አጠበቀ። ማሽን ሳይቆም ሲሠራ፣ በኋላም የኮምፒውተር ፕሮግራም ሲሠራ፣ በዚሁ ቃል የተጠሩት ለዚህ ነው።

ወንዝ «ይሮጣል» መባሉን ብዙ ሰው የባለቅኔ ፈጠራ ያደርገዋል። አይደለም። መፍሰስ ከጥንት ጀምሮ የዚህ ግሥ ፍቺ ነው፤ የጀርመንኛው ዘመዱ «ሪነን» ዛሬም የሚናገረው ስለ ፈሳሽ ነው። ይህን የያዘ ተማሪ ጉንፋን የያዘው አፍንጫ፣ ሲታጠብ ቀለሙን የሚለቅ ልብስ፣ የተከፈተ ቧንቧ፣ ሁሉም በአንድ ግሥ ለምን እንደሚነገሩ አይጠፋውም። ገንዘብም ጊዜም «ሮጦ ወጣ» ሲባል፣ ከዕቃው ተንጠፍጥፎ ያለቀ ውሃ ይታየዋል።

ምርጫን በአጭሩ ልለፈው። አሜሪካዊ ዕጩ «ይሮጣል»፣ እንግሊዛዊ ዕጩ «ይቆማል»፤ የእኛ ደግሞ «ይወዳደራል»። ይህን ቃል ለቃል የተረጎመ ሰው ዕጩውን ወይ ያሸሸዋል፣ ወይ ያለ ሥራ ይገትረዋል።

መዝገበ ቃላት የምታዘጋጁ ወዳጆቼ፣ አንድ ልመና አለኝ። በ«ረን» ሥር ፍቺዎቹን በቁጥር ብቻ አትደርድሩልኝ። መፍሰስን ከመሮጥ ጎን አስቀምጡት፤ አፍንጫውን፣ ቀለሙንና ማለቅን ከሥሩ አስከትሉ። ማስኬድን ለብቻው አውጡና «ሥራ አስኪያጅ»ን በምሳሌነት ጻፉለት።

አመሰግናለሁ።