መልስ የሚሰጠውን ሰው ማቆየት፦ በማኅበራችን ዓመታዊ ጉባኤ የተደረገ የመክፈቻ ንግግር

የተከበራችሁ የስልክና የኤሌክትሮኒክስ ጥገና ማኅበራችን አባላት፣ ከኮምቦልቻ፣ ከሐይቅ፣ ከኩታበርና ከከሚሴ ሱቃችሁን ዘግታችሁ የመጣችሁ ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ ጥሪያችንን አክብራችሁ የተገኛችሁ የሙያ መምህራንና ሠልጣኞች፣ እንኳን ወደ ደሴ በሰላም መጣችሁ።

የሥራ ክንውኑን ዋና ጸሐፊያችን፣ የሂሳቡን ደግሞ ገንዘብ ያዣችን ያቀርባሉ። እኔ የተሰጠኝን ጊዜ በአንድ ጉዳይ ላይ ብቻ አውለዋለሁ። እሱም የቴሌግራም ግሩፓችን ነው። በዓመት አንዴ ለሚገናኝ ማኅበር ይህን ያህል ቦታ መስጠቴ የሚገርማችሁ ካላችሁ፣ እዚህ አዳራሽ የምንቀመጠው ግማሽ ቀን መሆኑን አስቡት። በቀሩት ቀኖች ሁሉ ማኅበሩ ያለው እዚያ ግሩፕ ውስጥ ነው። ፒያሳ ያለው ከሰኞ ገበያው፣ ገራዶ ያለው ከኮምቦልቻው የሚመካከረው በዚያ ነው። አንድ ልጅ ብቻውን ሱቅ ከፍቶ፣ ደንበኛ ፊቱ ቆሞ፣ ቦርዱ አልገባው ሲል የሚጮኸውም ወደዚያው ነው።

እንግዲህ ያ ግሩፕ እየደከመ ነው። ይህን ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ። ጥያቄ ይለጠፋል፤ ወዲያው የስክሪን ዋጋ ዝርዝር ይከተለዋል፤ ከዚያ የበዓል መልካም ምኞት፣ ከዚያ ከየትም የመጣ ቪዲዮ። ጥያቄው ወደ ላይ ሸሽቶ ከዓይን ይጠፋል። ጠያቂው እንደገና ይለጥፈዋል፤ በሦስተኛው አይመለስም።

ብዙ ሰው ግሩፕ በጠብ ይፈርሳል ብሎ ይሰጋል። ጠብ ይጎዳል፣ አልክድም። እኔ በቅርብ ያየሁት መፍረስ ግን ድምፅ የለውም። መልስ ይሰጡ የነበሩ ሰዎች ዝም ይላሉ። አይሰናበቱም፣ ከግሩፑም አይወጡም፤ ኖቲፊኬሽኑን አጥፍተው ሥራቸውን ይቀጥላሉ። የአባላት ቁጥር እንደነበረ ስለሚቆይ ከውጭ ለሚያይ ምንም የተለወጠ ነገር የለም። ቴሌግራም አንድ ግሩፕ እስከ 200,000 ሰው እንዲይዝ ይፈቅዳል። ስልክ ከፍቶ የሚያስረዱት ሰዎች ከሄዱ በኋላ የቀረው ሕዝብ ምን ይጠቅመናል?

እነዚህ ሰዎች ደግሞ የትም ቦታ ጥቂት ናቸው። ያኮብ ኒልሰን የሚባል የኮምፒውተር አጠቃቀም ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2006 ባስቀመጠው ግምታዊ ልክ መሠረት፣ በኢንተርኔት ላይ ከሚሰባሰቡ 100 ሰዎች 90ው አንባቢ ብቻ ናቸው፣ 9ኙ አልፎ አልፎ ይጽፋሉ፣ አብዛኛው ጽሑፍ የሚመጣው ከቀረው 1 ሰው ነው። ዘጠናውን ልንወቅስ አይገባም። ዝም ብሎ የሚያነበው ተለማማጅ እየተማረ ነው፤ እንዲያነብም እንፈልጋለን። የእኔ ልመና አንዱን እንዳናጣው ነው። ዛሬ የማነሳው ሁሉ ወደዚያ የሚሄድ ነው።

መልስ ሰጪን የሚያደክመው የመጀመሪያው ነገር አጠያየቃችን ነው። «ወንድሞች፣ ስልኩ ቻርጅ አያደርግም፣ ምን ላድርግ?» ለዚህ ማን ይመልሳል? የትኛው ሞዴል? ውሃ ገብቶበታል? ሌላ ሰው ነካክቶታል? መልስ ሰጪው አምስት ነገር ጠይቆ እስኪያጣራ ድረስ ከራሱ ደንበኛ ላይ ጊዜ ይቆርጣል። አሁን ሌላውን ጥያቄ ስሙት፦ «ሞዴሉ ይህ ነው፤ ውሃ ገብቶበት ነበር፤ ቻርጅ ፖርቱን ቀይሬያለሁ፤ ፖርቱ ላይ 5 ቮልት አለ፤ ባትሪው 3.6 ቮልት ላይ ነው፤ በዩኤስቢ መለኪያው ሳየው ግን ምንም አምፔር አይስብም።» ይህን የጻፈ ልጅ ግማሹን ሥራ ራሱ ሠርቶታል። ከፖርቱ እስከ ቻርጅንግ አይሲው፣ ማለትም ቻርጁን እስከሚቆጣጠረው ቺፕ፣ ያለውን መስመር ፈትሽ ለማለት አንድ መስመር ይበቃል። የቦርዱ ፎቶ ከተጨመረበት ደግሞ የትኛው ቦታ ላይ መልቲሜትሩን እንደሚያስነካ በጣት ማሳየት ይቻላል።

ሁለተኛው ምስጋና ማጣት ነው። ምስጋና ስል ግን የእጅ ምልክት ወይም አበባ መላክ ማለቴ አይደለም። የተነገረውን ሞክሮ፣ ስልኩ ተነሥቶለት፣ ለደንበኛው አስረክቦ ገንዘቡን ተቀብሎ፣ ግሩፑ ላይ ግን ምንም ሳይል የሚጠፋ ሰው አለ። «ተስተካከለ፣ ችግሩ ይህ ነበር» የሚለው ቃል ለመለሰው ሰው ድካሙ ፍሬ እንዳፈራ ይነግረዋል። ከዚያ በላይ ደግሞ በሚቀጥለው ዓመት ያንኑ ሞዴል ይዞ ግሩፑን በርብሮ ለሚፈልግ ሌላ ልጅ መንገድ ይሆነዋል። ካልተስተካከለም ይባል፤ የተሳሳተ ምክር እንዳይዘዋወር ይረዳል። ያበጠ ባትሪ በመርፌ ቢተነፍስ ይመለሳል ብሎ አንድ ሰው ቢጽፍና ማንም ባያርመው፣ ያ ጽሑፍ እዚያው ተቀምጦ ይቆያል። ሊቲየም ባትሪ ሲበሳ ውስጡ ሾርት አድርጎ እሳት ሊነሣ እንደሚችል እዚህ ያለን ሁላችን እናውቃለን። ዛሬ የተቀጠረ የአሥራ ስምንት ዓመት ልጅ ግን ላያውቅ ይችላል።

ሦስተኛው፣ እኔን ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ፣ «ኢንቦክስ» ነው። ሰው በሁሉ ፊት ይጠይቃል፤ «ኢንቦክስ አድርግልኝ» ይባላል፤ መልሱ በሁለት ሰው መካከል ይቀራል። ምክንያቱ ይገባኛል። ከመንገዱ ማዶ ያለው ሱቅ ተፎካካሪዬ ነው፤ ለዓመታት ዓይኔን አድክሜ ያገኘሁትን ነገር በነጻ ለምን ላስተምረው? ይህ ክብደት ያለው ጥያቄ ነው፤ የሚጠይቀውንም ሰው ስግብግብ አልለውም፤ የሚያሳድጋቸው ልጆች አሉት። መልሴ ግን ይህ ነው። ደንበኛው አንድ ሱቅ ስልኩን ሲያበላሽበት «ደሴ ላይ ጠጋኝ የለም» ብሎ ነው የሚሄደው፤ የሱቁን ስም ነጥሎ አያነሣም። አዲስ አበባ ለሚሄድ ዘመዱ ስልኩን ይሰጠዋል። በየቀኑ ገበያ የሚወስድብን ይህ ነው። በግልጽ የተመለሰ መልስ ሲበዛ የሁላችን ሥራ ይጠራል፤ የሁላችንም ስም ይነሣል። በዚያ ላይ ግሩፑ ላይ ደጋግሞ በትክክል የመለሰ ሰው ከባዱን ሥራ ሌሎች ጠጋኞች ራሳቸው ይልኩለታል። ይህን በዓይናችን አይተናል።

ከእኛ በጣም የገዘፉ ስብስቦችም በዚሁ መንገድ ወጥተው በዚሁ ወርደዋል። ስታክ ኦቨርፍሎው የሚባለውን የሶፍትዌር ባለሙያዎች የጥያቄና መልስ መድረክ ጄፍ አትዉድና ጆኤል ስፖልስኪ እ.ኤ.አ. በ2008 ጀመሩት። መልስ የሚሰጠው በአደባባይ ነበር፤ ጥሩው መልስ በድምፅ ወደ ላይ ይወጣል፤ ጠያቂውም የሠራለትን መልስ ምልክት ያደርግበታል። በዚህ ብቻ የዓለም ፕሮግራመር ሁሉ መማሪያ ሆነ። ቆየና ግን አዲስ ሰው ሲጠይቅ «ይህ ተጠይቋል» እየተባለ ይዘጋበት ጀመር። እ.ኤ.አ. በ2018 ድርጅቱ ራሱ ለአዲስ ሰው እንግዳ ተቀባይ እንዳልሆነ በይፋ ጻፈ። እ.ኤ.አ. ከ2022 መጨረሻ ወዲህ፣ ቻትጂፒቲ የሚባለው ለጥያቄ መልስ የሚጽፍ ማሽን ከወጣ በኋላ፣ የሚቀርብለት ጥያቄ በእጅጉ ቀነሰ፤ ሰው የማይቆጣውን ማሽን መጠየቅ መረጠ።

ከልጆቻችንም ማሽኑን የሚጠይቁ አሉ፤ ጥሩ ነው፣ ይጠይቁ። ሆኖም በዚህ ወር የመጣው ስክሪን ለምን ንክኪው እንደሚዘል፣ የትኛው ባትሪ ከላዩ የተጻፈውን ያህል እንደማይዝ፣ ይህን የሚያውቀው በእጁ የገጠመውና ደንበኛ የመለሰበት የደሴ ጠጋኝ ብቻ ነው። ያንን እውቀት ማንም አይጽፍልንም፤ ካልጻፍነው የለም።

አዲስ ሰው አቀባበል ላይ ሌላም ታሪክ አለ። ኢንተርኔት ገና የጥቂቶች በነበረበት ዘመን ዩዝኔት የሚባል መወያያ ነበር። አዲስ ሰው የሚበዛበት ወቅት መስከረም ነበር፤ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የሚገቡበት። ነባሮቹ ሥርዓቱን ያስለምዷቸዋል፤ በጥቂት ጊዜ ነገሩ ይረጋጋል። እ.ኤ.አ. ከ1993 ጀምሮ ትልልቅ አገልግሎት ሰጪዎች ደንበኞቻቸውን በጅምላ ሲያስገቡ ማስለመጃ ፋታ ጠፋ፤ ነባሮቹም ያንን ዘመን «ማብቂያ የሌለው መስከረም» ብለው ጠሩት። እኛም ዘንድ የሙያ ኮሌጆች ሠልጣኝ ሲያስመርቁ ብዙ ልጅ በአንድ ጊዜ ይገባል። መግባታቸው ደስታችን ነው። ተቀብሎ እንዴት እንደሚጠየቅ የሚያሳያቸው ሰው ግን መመደብ አለብን።

ስለ ሥርዓት ካነሣሁ ወሎ ላይ ሆኖ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ቅሬ አለን። ሙስሊሙና ክርስቲያኑ አብሮ የሚቀብርበት፣ አብሮ የሚያስተዛዝንበት ቅሬ ይህን ያህል ዘመን የቆየው ማንም ከላይ አዝዞት አይደለም። ደንቡን ያወጡት አባላቱ ናቸው፤ የቀረውን የሚያውቁት ጎረቤቶቹ ናቸው፤ ተረኛ አለ፤ ቅጣቱም በትንሽ ይጀምራል፣ ሰውየው ካልተመለሰ ይከብዳል። ኤሊኖር ኦስትሮም የተባሉት አሜሪካዊት ምሁር እ.ኤ.አ. በ2009 በኢኮኖሚክስ የኖቤል ሽልማት ያገኙ የመጀመሪያዋ ሴት ናቸው። በብዙ አገር ሰዎች በጋራ የሚጠቀሙበትን የመስኖ ውሃ፣ የግጦሽ መሬትና የዓሣ ማስገሪያ አጥንተው፣ ዘመን የተሻገሩት ስብስቦች እነዚሁ ጠባዮች እንዳሏቸው አሳይተዋል። የቅሬ ዳኞቻችን ይህን ሲሠሩበት ኖረዋል። ግሩፓችን ውስጥ ግን አንዱ የፈለገውን ለጥፎ ማንም አይጠይቀውም፤ ሌላው በአንድ ስሕተት ወዲያው ይባረራል። ሁለቱም ቅሬ ላይ የማይደረግ ነው።

ስለዚህ ሥራ አስፈጻሚው ያዘጋጀው ረቂቅ አጭር ነው። ግሩፑ በርእስ ይከፈላል፤ ቴሌግራም ይህን ይፈቅዳል። የጥገና ጥያቄ ለብቻ፣ ዕቃ መሸጫ ለብቻ፣ ሰላምታና የኀዘን መርዶ ለብቻ ይሆናል። ነጋዴ አባሎቻችንን አናስወጣም፤ ዕቃ የምናገኘው ከእነሱ ነው። ያለቦታው የለጠፈ መጀመሪያ በግል ይነገረዋል፤ ቢደግም ለጥቂት ቀን እንዳይጽፍ ይደረጋል፤ ሦስተኛው ላይ ጉዳዩ ለኮሚቴው ይቀርብና ሰውየው ተጠርቶ ይሰማል። አድሚን ብቻውን ማንንም አያስወጣም። የተሰረቀ ስልክ መክፈቻና አይኤምኢአይ፣ ማለትም የስልኩን መለያ ቁጥር፣ መቀየሪያ የሚጠይቅ ግን ይህ ሁሉ ደረጃ አይመለከተውም፤ ያን ቀን ይወጣል። የሁላችንን ፈቃድ የሚያሳጣ ነገር ነውና በዚህ ላይ ድርድር አልቀበልም።

የምጠይቃችሁ ትልቁ ነገር ተረኝነት ነው። በየሳምንቱ ሁለት ሰው ተረኛ ይሁን። ተረኛው ሁሉን አያውቅም፤ እንዲያውቅም አይጠበቅም። ያልተመለሰ ጥያቄ እንዳያልፈው ያያል፤ ያንን ሞዴል የሚያውቀውን ሰው ስሙን ጠርቶ «እስቲ እባክህ ወንድሜ፣ ይህን እየው» ይለዋል፤ የተስተካከለውን በአንድ ቦታ ይሰበስባል። እንዲህ ከሆነ ሸክሙ ከሦስት አራት ሰው ትከሻ ላይ ይወርዳል። የደከሙት እነዚያ ናቸው፤ ስማቸውን ሳልጠራ አመሰግናቸዋለሁ፤ አዳራሹ ውስጥ አሉ።

አንድ ነገር ልጨምር። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ ኔትወርክ ጠፋ፤ ግሩፑ በአንድ ቀን ዝም አለ። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህም በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ነበር። ያኔ የተፈላለግነው ቀድሞ ፊት ለፊት የምንተዋወቅ ነን። በፕሮፋይል ፎቶ ብቻ የሚታወቀውን ሰው የት ሄዶ ማን ይጠይቀዋል? ስለዚህ የአባላት ስም፣ ሱቅና ስልክ በወረቀት መዝገብ ይያዝ፤ መዝገቡም በጸሐፊያችን እጅ እንጂ ግሩፕ ላይ የሚለጠፍ አይሆንም። በየሦስት ወሩም ደሴና ኮምቦልቻ በተራ እያስተናገዱ ግማሽ ቀን አብረን አንድ ከባድ ቦርድ ከፍተን እንሥራ። በግሩፕ ላይ ቃል የሚወራወሩ ሁለት ሰዎች በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ የሆት ኤር ማሞቂያ መሣሪያ ሲቀባበሉ አነጋገራቸው ይለወጣል።

ረቂቁ በየወንበራችሁ ላይ ተቀምጧል። ከሻይ በኋላ አንቀጽ በአንቀጽ እንወያይበታለን፤ የማትስማሙበትን ደፍራችሁ ተናገሩ፣ በተለይ ስለ ዕቃ መሸጫው። ለመጀመሪያው ሦስት ወር ተረኛ ለመሆን የምትፈልጉ ከምሳ በፊት በር አጠገብ ካለው መዝገብ ላይ ስማችሁንና የምትችሉበትን ሳምንት ጻፉ። ሴት አባሎቻችን በብዛት እንድትገቡ አደራ እላለሁ። ዓመታዊ ጉባኤያችን በይፋ መከፈቱን እየገለጽኩ፣ መድረኩን ለዋና ጸሐፊያችን እለቃለሁ።