ሜዲካል ስኩል ገባሁ፤ ማን ይከፍላል?

ሰላም፦ እንደምን ሰነበታችሁ አድማጮቻችን። ዛሬ በቀጥታ ወደ አንዲት እህታችን ጥያቄ እንግባ። ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የምትኖረው፤ ለሜዲካል ስኩል ልታመለክት እየተዘጋጀች ነው። «አባቴ ኡበር ይነዳል፣ እናቴ አረጋውያን ትንከባከባለች። ዕዳ ውስጥ ሳልዘፈቅ ሐኪም መሆን እችላለሁ ወይ?» ትላለች።

ናሆም፦ መልሱ ከማመልከትሽ በፊት በምትሠሪው ሥራ ይወሰናል። ብዙ ልጆቻችን «መጀመሪያ ልግባ እንጂ ገንዘቡ አይጠፋም» ይላሉ። ድሮ ያስኬድ ነበር፤ ግራድ ፕላስ የሚባለው የፌዴራል ብድር የጎደለውን ይሞላ ነበራ።

ሰላም፦ እሱ ግን ቀረ።

ናሆም፦ አዎ፣ ከጁላይ 1 ቀን 2026 ጀምሮ ለአዲስ ተበዳሪ የለም። የሕክምና ተማሪ ከፌዴራል መንግሥት የሚበደረው በዓመት እስከ 50,000፣ በጠቅላላው እስከ 200,000 ዶላር ብቻ ነው። ቤት ኪራይና ምግብ ሲደመር ከዚህ በጣም የሚበልጥ የሚያስወጡ ትምህርት ቤቶች ሞልተዋል። ልዩነቱን ወይ ከግል ባንክ ትበደሪያለሽ፣ ወይ የማይመለስ እርዳታ ታገኛለሽ።

ሰላም፦ የግል ባንክ ደግሞ ዋስ አምጪ ሊል ይችላል። ዋሱ ማን ይሆናል? ያው አባት። እኔን የሚያሳስበኝ እሱ ነው። በጡረታ ዕድሜው የልጁን ብድር ተሸክሞ መንዳት የለበትም።

ናሆም፦ ስለዚህ ዋናውን እንናገር። ትልቁ ነፃ ገንዘብ ያለው ራሱ ትምህርት ቤቱ ጋ ነው። ፋፍሳ፣ ማለትም የፌዴራል የትምህርት እርዳታ ማመልከቻ ቅጹ ላይ፣ የሕክምና ተማሪ ራሱን እንደቻለ ስለሚቆጠር የወላጅ ገቢ አይጠየቅም። ልጆቹም ፋፍሳውን ሞልተው «ጨረስኩ» ይላሉ። ብዙ ትምህርት ቤቶች ግን የራሳቸውን ግራንት የሚሰጡት የወላጅን ገቢ አይተው ነው። 28 ዓመት ቢሆንሽም፣ ብቻሽን ብትኖሪም።

ሰላም፦ እኛ ቤት የሚከብደው ይሄ ነው። «ገመናዬን ለማን ነው የማሳየው?» የሚል አባት ብዙ ነው። ክብሩ ነው፣ ይገባኛል። ግን አባባ፣ ያ የታክስ ወረቀት ለልጅዎ ከየትኛውም ስኮላርሺፕ ሊበልጥ ይችላል። ኡበር የሚነዳ ሰው ስኬጁል ሲ በሚባለው የግል ሥራ የታክስ ቅጽ ላይ የቤንዚኑን፣ የጥገናውን ወጪ ቀንሶ የሚቀረው ገቢ እጁ ላይ ከሚዞረው ገንዘብ በጣም ያነሰ ነው። ትምህርት ቤቶቹ እሱን ሳያዩ ቤተሰቡ ምን ያህል እንደሚቸገር አያውቁም።

ናሆም፦ በየወሩ አገር ቤት የሚላከውስ? የአያት መድኃኒት፣ የእህት ልጅ ትምህርት ቤት... እሱ ታክስ ሪተርን ላይ አይታይም።

ሰላም፦ አይታይም። የላካችሁበትን ደረሰኝ ሰብስቡና በደብዳቤ አስረዱ፤ ግምት ውስጥ እንዲያስገቡት ጠይቁ። ዝም ካላችሁ እንደሌለ ነው የሚቆጠረው።

ናሆም፦ ለጠያቂያችን ደግሞ ደጇ ላይ ያለውን ልንገራት። ባልቲሞር ያለው ጆንስ ሆፕኪንስ በ2024 ከቢሊየነሩ ማይክል ብሉምበርግ የበጎ አድራጎት ድርጅት 1 ቢሊዮን ዶላር አግኝቶ የቤተሰብ ገቢያቸው ከ300,000 ዶላር በታች ለሆነ የሕክምና ተማሪዎች የትምህርት ክፍያ አስቀርቷል። ከ175,000 በታች ከሆነ የኑሮ ወጪም ይሸፍናል። ኒው ዮርክ ኤንዋይዩ ግሮስማን ከ2018 ጀምሮ፣ ብሮንክስ ያለው አልበርት አንስታይን ደግሞ ከ2024 ጀምሮ የትምህርት ክፍያ አያስከፍሉም። መግባቱ ከባድ ነው፤ ሳያመለክቱ መቅረት ግን ያሳዝናል።

ሰላም፦ የማመልከቻ ክፍያው ለሚከብዳቸውም የሜዲካል ኮሌጆች ማኅበሩ፣ ኤኤኤምሲ፣ የክፍያ እርዳታ አለው። የኤምካትን፣ ማለትም የሜዲካል ስኩል መግቢያ ፈተናውን፣ ክፍያ ይቀንሳል፣ እስከ 20 ትምህርት ቤት ድረስ በነፃ ያስመለክታል። ቀድማችሁ ጠይቁ፤ ከከፈላችሁ በኋላ ገንዘቡን አይመልሱም።

ናሆም፦ ለስደተኞችና ለስደተኛ ልጆች የተዘጋጀውን የፖል ኤንድ ዴዚ ሶሮስ ስኮላርሺፕ ደግሞ አትርሺ። በሁለት ዓመት እስከ 90,000 ዶላር ነው። ግሪን ካርድ ያለውም ማመልከት ይችላል። ድርሰቶቹን ግን በወራት ቀድመሽ ጀምሪ።

ሰላም፦ ናሽናል ሄልዝ ሰርቪስ ኮር ስለሚባለው የፌዴራል መንግሥት ስኮላርሺፕም ብዙ ሰው ይጠይቀናል።

ናሆም፦ ክፍያውንም የወር ወጪውንም ይችላል፤ ለሲቲዝን ብቻ ነው። በምላሹ ሐኪም በጎደለበት አካባቢ ከ2 እስከ 4 ዓመት ታገለግያለሽ፣ ያውም በፋሚሊ ሜዲሲን፣ በሕፃናት ሕክምና በመሳሰሉት። ልብሽ ቀዶ ሕክምና ላይ ከሆነ አትፈርሚ። ውሉን ያፈረሰ የወሰደውን ሦስት እጥፍ ከነወለዱ ሊጠየቅ ይችላል።

ሰላም፦ ወታደራዊው ስኮላርሺፕም እንደዚያው በአገልግሎት የሚመለስ ነው፤ ቤተሰብ ተቀምጦ ይምከርበት። ለማገልገል ከልብ ለሚፈልግ ግን ቤተስዳ ያለው የወታደር ዩኒቨርሲቲ ክፍያ የለውም፣ እንዲያውም ደሞዝ ይከፍላል።

ናሆም፦ አንድ ነገር ልጨምር። ሁለት ቦታ ተቀብለውሽ የምትፈልጊው ትምህርት ቤት ያነሰ ከሰጠሽ፣ ለፋይናንሻል ኤይድ ቢሮው ጻፊ። መለመን አይደለም፤ በየዓመቱ የሚሠሩት የተለመደ ሥራቸው ነው። ከአንድ ገጽ አይብለጥ፤ የሌላውን ትምህርት ቤት የእርዳታ ደብዳቤ አያይዢበት፣ የጎደለሽን በቁጥር ጻፊ። ከሳምንት በኋላ መልስ ካልመጣ ደውዪ።