የቆየ ፈጣን ቱርቦፕሮፕ አውሮፕላን መግዛትና መያዝ፦ የአድማጮች ጥያቄና መልስ

በዳላስና በአካባቢዋ ለሚኖሩ አማርኛ ተናጋሪዎች በሚተላለፈው የቅዳሜ ጠዋት የራዲዮ ዝግጅት ላይ በአውሮፕላን ጥገና ባለሙያነቴ ተጋብዤ ነበር። የአድማጮች ጥያቄ ብዙ፣ የአየር ሰዓቱ ግን አጭር ስለነበረ፣ በከፊል ብቻ የመለስኳቸውን ጥያቄዎች አሟልቼ እዚህ ጽፌያቸዋለሁ። አብዛኞቹ ጥያቄዎች ያተኮሩት ሚትሱቢሺ ኤም ዩ-2 በተባለው ባለሁለት ቱርቦፕሮፕ ሞተር (ፕሮፔለሩን በሙቅ ጋዝ በሚዞር ተርባይን የሚነዳ ሞተር) አውሮፕላን ላይ ነው፤ እኔም ብዙ ዘመኔን ያሳለፍኩት በዚህ ዓይነት አውሮፕላንና በሞተሩ ላይ ነው።

ጥያቄ፦ የደወልኩት ከጋርላንድ ነው። የጭነት መኪና ድርጅት አለኝ፤ የባለብዙ ሞተር አብራሪነት ፈቃድም አለኝ። በ1980 እ.ኤ.አ. የተሠራ ኤም ዩ-2 ከአንድ አዲስ ባለፒስተን ሞተር አውሮፕላን ባነሰ ዋጋ ቀርቦልኛል። በ300 ኖት (በሰዓት 555 ኪሎ ሜትር ገደማ) ይበራል ይሉኛል። ይህን ያህል የረከሰው ለምንድን ነው? ችግር ቢኖርበት ነው ወይ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ፍጥነቱን በተመለከተ የነገሩዎት እውነት ነው፤ ኋላ ላይ የተሠሩት ኤም ዩ-2ዎች በእርግጥም ወደ 300 ኖት ይበራሉ። አውሮፕላኑ ለመጀመሪያ ጊዜ የበረረው በ1963 እ.ኤ.አ. በጃፓን ሲሆን፣ ለአሜሪካ ገበያ የሚቀርቡት እዚሁ ቴክሳስ ውስጥ ሳን አንጀሎ ከተማ ይገጣጠሙ ነበር። ከ700 በላይ ተሠርተው ምርቱ በ1986 ቆሟል። እንግዲህ ትንሹ እንኳ ዕድሜው ከ35 ዓመት በላይ ነው ማለት ነው። ዋጋው የወረደውም በዚህ ምክንያት ነው። ነገር ግን የወረደው የአውሮፕላኑ ዋጋ እንጂ የሞተሩ፣ የፕሮፔለሩና የመለዋወጫው ዋጋ አይደለም። አውሮፕላኑ የዛሬ አርባ ዓመት የሀብታም ድርጅት ንብረት ነበር፤ ዛሬም የሚጠይቀው ጥገና የሀብታም ድርጅት ጥገና ነው።

ነገሩን በቁጥር ላሳይዎ። ሞተሩ ቲ ፒ ኢ 331 ይባላል፤ ጋሬት የሠራው፣ ዛሬ በሃኒዌል ስም የሚታወቅ ነው። በብዙዎቹ ላይ ከተገጠመው ዓይነት አንዱ፣ ከአንድ ሙሉ እድሳት እስከ ቀጣዩ 5,000 ሰዓት ገደማ ይሠራል እንበል። ለስሌት እንዲመቸን ደግሞ የአንዱ ሞተር ሙሉ እድሳት 300,000 ዶላር ነው ብለን እንነሳ። ከመጀመሪያው ጀምሮ ለያዘው ሰው ይህ በበረራ ሰዓት 60 ዶላር ይሆናል። ሞተሩ 4,200 ሰዓት ከሠራ በኋላ ለገዛው ሰው ግን የቀረው 800 ሰዓት ብቻ ስለሆነ፣ ያንኑ 300,000 ዶላር በ800 ሰዓት ውስጥ ማጠራቀም ይኖርበታል፤ ይህም ለአንድ ሞተር በሰዓት 375 ዶላር፣ ለሁለቱ 750 ዶላር ነው። ነዳጁን፣ መጠለያውን፣ ኢንሹራንሱን ገና አልቆጠርንም። ስለዚህ ሻጩን ስለ ዋጋው ከመጠየቅዎ በፊት ሁለቱ ሞተሮች ከመጨረሻው እድሳት ወዲህ ስንት ሰዓት እንደሠሩ፣ በሁለት እድሳቶች መካከል የሚደረገው የሙቅ ክፍል (ነዳጁ የሚቃጠልበትና ተርባይኑ ያለበት ክፍል) ፍተሻ መቼ እንደተደረገ ይጠይቁ።

ከሰዓቱ ሌላ ሳይክል የሚባል አለ፤ በጥቅሉ ሲነገር፣ ሞተሩ ተነስቶ፣ በርሮ፣ ተመልሶ ሲጠፋ አንድ ሳይክል ይቆጠራል። የተርባይኑና የኮምፕሬሰሩ (አየሩን የሚጨምቀው ክፍል) ዲስኮች በአምራቹ የተወሰነ የሳይክል ዕድሜ አላቸው፤ ያ ዕድሜ ሲያልቅ ዲስኩ ምንም ጭረት ባይታይበትም ይወገዳል እንጂ ለምርጫ የሚተው ነገር አይደለም። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ገዢ ከመክፈሉ በፊት እንድመረምርለት ወስዶኝ ነበር። ቀለሙ ገና ከመቀባቱ የተነሳ ፊቴ ይታየኝ ነበር፣ የወንበሩ ቆዳም አዲስ ነው። የጥገና መዝገቡን ገልጬ ከሁለተኛው ሞተር ወረቀቶች ጋር ሳመሳክር ግን፣ በመዝገቡ ላይ የተጻፈው የአንድ ተርባይን ዲስክ ተከታታይ ቁጥር ከእድሳቱ ሰነድ ላይ ካለው ጋር አልገጠመም፤ ዲስኩ ከአዲስነቱ ጀምሮ ስንት ሳይክል እንደሠራ የሚናገር ወረቀትም አልተገኘም። ታሪኩ የማይታወቅ ዲስክ በሙያችን እንዳለቀ ይቆጠራል። የባትሪውን ክፍል ስከፍት ደግሞ ከሥሩ ያለው ብረት በአሲድ ተበልቶ በጠመንጃ መፍቻ ጫፍ ስነካው እንደ ደረቅ ቂጣ ተፈረፈረ። ገዢው ያን ዕለት ከፍሎ ቢሆን ኖሮ የገዛው ቀለምና ቆዳ ነበር። እርስዎም ይህን ዓይነት አውሮፕላን በሚገባ በሚያውቅ፣ ከሻጩ ጋር ምንም ግንኙነት በሌለው ድርጅት ሳያስመረምሩ አንድ ዶላር አይልቀቁ።

ጥያቄ፦ ከቨርጂኒያ ነው የምደውለው። ባለቤቴ ይህንኑ አውሮፕላን ሊገዛ ነው። ሰው ሁሉ አብራሪ ገዳይ ነው ይለኛል። እውነቱን ይንገሩኝ።

መልስ፦ እህቴ፣ ስጋትዎ ከባዶ የመጣ አይደለም፤ ስለዚህ በሚገባ ልመልስልዎ። ኤም ዩ-2 ለፍጥነት ሲባል ትንሽ ክንፍ ተሰጥቶታል። ረጅሙ ዓይነት ሙሉ ጭነት ይዞ ከ5,200 ኪሎ በላይ ሲመዝን፣ የክንፉ ስፋት 16.5 ካሬ ሜትር ያህል ብቻ ነው። በዚህ ትንሽ ክንፍ ቀስ ብሎ እንዲያርፍ የክንፉን የኋላ ጠርዝ ከጫፍ እስከ ጫፍ ፍላፕ (ለመነሳትና ለማረፍ የሚዘረጋ የክንፍ ክፍል) ይዞታል፤ አውሮፕላንን ወደ ጎን ለሚያዘነብለው ለተለመደው አይለሮን ቦታ ስላልተረፈ ይህን ሥራ የሚሠራው በክንፉ ላይ ብቅ የሚል፣ ስፖይለር የሚባል ሳህን ነው።

ችግሩ የሚመጣው ከምድር በተነሳ ቅጽበት አንዱ ሞተር ሲጠፋ ነው። በሌላ አውሮፕላን የሠለጠነ አብራሪ ልማዱ ስለሚያሸንፈው መሪውን አጥብቆ ያዞራል፤ መሪው ሲዞር ስፖይለሩ ይነሳል፣ ስፖይለሩ ሲነሳ ደግሞ አውሮፕላኑ እጅግ በሚያስፈልገው ሰዓት የክንፉ የማንሳት ኃይል ይቀንሳል። ትክክለኛው መንገድ አቅጣጫውን በእግር መሪው ይዞ፣ ቀሪውን ዝንባሌ ለዚሁ በተሠራው ትሪም (ዝንባሌን በጥቂቱ የሚያስተካክል መቆጣጠሪያ) ማስተካከል፣ ፍላፑንም አውሮፕላኑ በቂ ፍጥነት እስኪያገኝ ድረስ አለመሰብሰብ ነው። ይህ በቃል ተነግሮ የሚያዝ ሳይሆን በተደጋጋሚ ልምምድ እጅና እግር ውስጥ መግባት ያለበት ነገር ነው።

የአውሮፕላኑ ክብደት ለየት ያለ የዓይነት ፈቃድ ከሚያስፈልግበት ወሰን በታች ስለነበረ፣ ለብዙ ዘመን ማንም ባለብዙ ሞተር ፈቃድ ያለው ሰው በጥቂት ሰዓት የመግቢያ ሥልጠና ብቻ ይበርበት ነበር። አደጋዎች ሲደጋገሙ የአሜሪካ ፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር በ2005 ሰፊ ግምገማ አድርጎ በ2008 ልዩ ደንብ አወጣ። በዚህ ደንብ መሠረት አብራሪው አንድ ወጥ የሆነውን ሥልጠና መውሰድና በየ12 ወሩ ማደስ፣ ቀድሞም ቢያንስ 100 ሰዓት ባለብዙ ሞተር አውሮፕላን በአዛዥነት ማብረር ይጠበቅበታል፤ መንገደኛ ለመጫን ብቁ ለመሆን የሚቆጠሩለት አውሮፕላኑን የማሳረፍ ልምዶችም በዚሁ አውሮፕላን የተገኙ መሆን አለባቸው። ብቻውን ለሚያደርጋቸው አንዳንድ በረራዎችም አውቶፓይለቱ የሚሠራ መሆን ግዴታ ነው። ከደንቡ ወዲህ አደጋው በግልጽ ቀንሷል። አውሮፕላኑ ያው ነው፤ የተለወጠው ሥልጠናው ነው። ስለዚህ ባለቤትዎን ስለ አውሮፕላኑ ሳይሆን ስለ ሥልጠናው ይጠይቋቸው፤ ሥልጠናውን ከክፍያው በፊት የሚመዘገቡበት ከሆነ ልብዎ ሊያርፍ ይችላል። በኋላ እደርስበታለሁ ካሉ ግን እኔም ከእርስዎ ጋር እሰጋለሁ።

ጥያቄ፦ ሰፈራችን ባለው አነስተኛ አየር ማረፊያ ጎበዝ መካኒክ አለ፤ ዓመታዊ ፍተሻውን እሱ ቢያደርገው ምን ችግር አለው?

መልስ፦ ለባለአንድ ፒስተን ሞተር አውሮፕላን የሚደረገው ዓመታዊ ፍተሻ ባለሁለት ተርባይን ሞተር ላለው አይበቃም። ባለቤቱ ራሱ የፍተሻ ፕሮግራም መምረጥና በመዝገቡ ማስፈር በሕግ ይገደዳል፤ ብዙዎች የሚመርጡትም የአምራቹን ነው። ጎበዙ መካኒክ የአምራቹ ወቅታዊ መጽሐፍ፣ ልዩ መሣሪያዎቹና የዚህ አውሮፕላን ልምድ ካሉት እሰየው፤ ከሌሉት ግን ጉብዝናው ብቻውን አያዛልቅም። መለዋወጫና የቴክኒክ ድጋፍ ግን ዛሬም አለ፤ በዚህ ረገድ ሚትሱቢሺን አመሰግናለሁ፣ ምርቱ ከቆመ ይህን ያህል ዘመን አልፎም ባለቤቶቹን አልጣለም።

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ የአውሮፕላን ጥገና ተማሪ ነኝ፤ ዝግጅቱን በኢንተርኔት እከታተላለሁ። የጋሬት ሞተር ያለው አውሮፕላን ከቆመ በኋላ አብራሪው ወርዶ ፕሮፔለሩን በእጁ ሲያዞር በቪዲዮ አይቻለሁ። እኛ በተማርነው ፒ ቲ 6 በተባለው ሞተር ላይ ይህን አላየሁም። ለምንድን ነው?

መልስ፦ ጥሩ ዓይን አለህ፣ ልጄ። እንደ ትዊን ኦተር ባሉት አውሮፕላኖች ላይ በተማርከው ፒ ቲ 6 ላይ ፕሮፔለሩን የሚያዞረው ተርባይንና ኮምፕሬሰሩን የሚያዞረው ተርባይን ተለያይተው ነው የሚዞሩት፤ በመካከላቸው ያለው ነፋስ ብቻ ነው። በቲ ፒ ኢ 331 ላይ ግን ኮምፕሬሰሩ፣ ተርባይኑና በጊርቦክስ በኩል ፕሮፔለሩ በአንድ ዘንግ የተያያዙ ናቸው። ዘንጉ በሙሉ ፍጥነት በደቂቃ 41,730 ጊዜ ይዞራል። ሞተሩ ጠፍቶ ሲቆም በውስጡ የቀረው ሙቀት ወደ ላይ ስለሚወጣ፣ የዘንጉ የላይኛው ጎን ከታችኛው ይበልጥ ይሞቅና ዘንጉ በጥቂቱ ይጎብጣል። በዚህ ሁኔታ ላይ ሞተሩን መልሶ ማስነሳት የሚሽከረከረውን ክፍል ከማይንቀሳቀሰው ጋር ሊያፋትግ ይችላል። ፕሮፔለሩን በሚዞርበት አቅጣጫ፣ በእርጋታ፣ ጥቂት ዙር በእጅ ማዞር አየር ያስገባል፣ ሙቀቱንም ያስተካክላል። በተቃራኒው አቅጣጫ እንዳታዞረው፤ የማስነሻውን ብሩሾች ይጎዳል። ስታዞረው ጆሮህን ወደ ሞተሩ አስጠጋ፤ ጤነኛ ሲሆን ለስላሳ ድምፅ ብቻ ነው ያለው፤ ብረት ብረትን ሲፍቅ ከሰማህ ግን አቁምና አለቃህን ጥራ።

ሌላም ነገር ልብ በል። የቆመ ፒ ቲ 6 ስታይ የፕሮፔለሩ ስለቶች ጠርዛቸውን ለነፋስ ሰጥተው ነው፤ የጋሬቱ ግን ገጻቸውን ወደ ፊት ሰጥተው ይቆማሉ። ዘንጉ አንድ ስለሆነ ማስነሻው ፕሮፔለሩንም አብሮ መግፋት አለበት፤ ስለቶቹ ጠፍጣፋ ካልሆኑ አየሩን መቅዘፉ ይከብደዋል። ስለዚህ አብራሪው ሞተሩን ሲያጠፋ ስለቶቹን በመቆለፊያ ይይዛቸዋል። በበረራ ላይ ሞተሩ ሲጠፋም በዚሁ ምክንያት ነፋሱ የሚያዞረው ፕሮፔለር ኮምፕሬሰሩን ጭምር ይጎትታል፤ ይህ ከባድ ፍሬን ነው። ኤን ቲ ኤስ የምንለው ሥርዓት ይህን ተረድቶ ስለቶቹን ወደ ፌዘር (ጠርዛቸውን ለነፋስ ወደሚሰጡበት አቀማመጥ) ይገፋቸዋል፤ ጨርሶ የሚያስገባቸው ግን አብራሪው ራሱ ነው። የዚህን ሥርዓት ፍተሻ ጊዜ ለማትረፍ ብሎ የሚዘል አብራሪ ካጋጠመህ በትሕትና ግን በጥብቅ ንገረው።

ጥያቄ፦ በዓመት የምበርረው 40 ሰዓት ያህል ብቻ ነው። ትንሽ ከበረርኩ ወጪዬም ትንሽ ይሆናል ብዬ አስባለሁ፤ ልክ ነኝ?

መልስ፦ አይደሉም፤ በዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። የተርባይን ሞተር የሚጎዳው በመሥራት ብቻ ሳይሆን በመቆምም ጭምር ነው። ማኅተሞቹና ቱቦዎቹ ይደርቃሉ፤ እርጥበት በጊርቦክሱና በነዳጅ ክፍሎች ውስጥ ይቀመጣል፤ ብዙ ዕቃዎችም በሰዓት ብቻ ሳይሆን በዓመት ስለሚቆጠሩ ቢበርሩም ባይበርሩም ጊዜያቸው ይደርሳል። ከሁሉ ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ ባትሪው ነው። ለወራት ቆሞ የደከመ ባትሪ ዘንጉን በዝግታ ያዞራል፤ አየሩ ሲያንስ የተቀጣጠለው ነዳጅ የሚያቀዘቅዘው ስለማያገኝ የሙቀት መለኪያው ወደ ቀይ መስመር ይሮጣል። አብራሪው በዚያች ቅጽበት ነዳጁን ካልዘጋ፣ በሰከንዶች ውስጥ የሙሉ እድሳት ገንዘብ ይቃጠላል። አውሮፕላኑ ከቆየ ከመሬት የኃይል ማመንጫ ጋር አገናኝተው ያስነሱት፤ እጅዎም ከነዳጅ መዝጊያው አይራቅ።

ለ40 ሰዓት ግን እኔ ብቻዎን እንዲገዙ አልመክርም። ሌሎች ሁለት ሰዎች ፈልገው በጋራ ቢይዙት አውሮፕላኑ ቢያንስ በየሳምንቱ ይነሳል፣ ወጪውም ለሦስት ይከፈላል። ውሉን ሲጽፉ ሦስት ነገሮች በግልጽ ይስፈሩ፦ ለሞተሮቹ እድሳት በየበረራ ሰዓቱ የሚቀመጠው ገንዘብና የሚቀመጥበት የተለየ ሒሳብ፣ የእያንዳንዱ ባለድርሻ ዓመታዊ ሥልጠና የሚታደስበት ቀን፣ ሥልጠናው ያለፈበት ሰው ቁልፉን ለማን እንደሚያስረክብ።